ከወፍጮ ቤቱ የማታልፈው ፒክአፕ

እናቱ ያወጡለትን ስም ዛሬም የሚጠሩት እናቱ ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ «ኤዲያ» ነው የሚለው። የመኪና ኮፈን ከፍቶ ገና አንገቱን ሲያስገባ «ኤዲያ!» ይላል፤ ሻይ ቤት ተቀምጦ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ የሰው ጣት ሲያይበት «ኤዲያ!» ይላል፤ ሚስቱ አዲስ የገዛችውን ድስት ገልብጦ ቂጡን መርምሮ «ኤዲያ!» ይላል። ይህች ቃል ከአፉ ሳትወጣ የዋለችበት ቀን ቢኖር ታሞ የተኛ ዕለት ነው። ያን ጊዜም የሐኪሙን ጋውን አይቶ በልቡ ሳይላት አልቀረም።

ሥራው ሜካኒክነት ነው። ሜካኒክ ሲባል ዘይት የጠጣ ቱታ፣ የጠቆረ ጥፍር፣ ብሎን የተዘራበት ወለል የሚታየው ሰው እሱ ጋራዥ ይሂድና ይይ። መፍቻዎቹ በየቁመታቸው ግድግዳው ላይ ተሰልፈዋል። የፈታውን ብሎን በቤንዚን አጥቦ፣ በጨርቅ አድርቆ ነው መልሶ የሚያስረው። ደንበኞቹ ስድቡን ችለው የሚመላለሱት እሱ የነካው መኪና በዚያው በሽታ ስለማይመለስ ነው። በሽቦ የታሰረ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ፣ በማስቲካ የተደፈነ ነገር ካየ ግን ባለመኪናውን ነፍስ እንዳጠፋ ሰው ነው የሚያፋጥጠው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይልና ያችን ቃሉን ይመርቅበታል።

ይህ ሁሉ መጸየፍ ከየት መጣ ቢባል ከአባቱ ፒክአፕ ነው የመጣው። አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያች መኪና ጥሬ ቆዳ ከቄራ ወደ ቆዳ ፋብሪካ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ደም ያልደረቀለት፣ ጨው የተነሰነሰበት፣ ፀሐይ ሲያገኘው የሚላቆጥ ቆዳ። ጠዋት ጠዋት ልጃቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱትም በእሷው ነበር። ልጁ ሲወርድ ዝንቡም አብሮት ይወርዳል። የክፍሉ ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ይሸሹታል፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፍቶ ሰፊውን ዴስክ ለብቻው እንደያዘ ነው ትምህርቱን የጨረሰው። ቤት ሲገባ ገላውን እስኪቀላ በሳሙና ይፈትግና እጁን አሽትቶ እንደገና ይፈትጋል።

አድጎ ሜካኒክ ሲሆን አባቱ መጀመሪያ ያመጡለት ያችኑ ፒክአፕ ነበር። ሰው በተሰበሰበበት «ይቺን ጣሏት፣ ከእሷ ጋር መታየት ያሳፍራል» አላቸው። አባቱ መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ ፒክአፗ በታመመች ቁጥር ሌላ ሜካኒክ ጋ እየወሰዱ ልጃቸውን ለሰላምታ ብቻ ይጎበኙት ጀመር። እሱም ይህን ሲሰማ ከማፈር ይልቅ ግልግል ነው ያለው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ግን ራሳቸው ደወሉ።

«ናና እያት» አሉት፤ ሰላምታም አላስቀደሙ።

«ማንን?»

«መኪናዋን ነዋ! ጠዋት ሞተሪኖዋን ሳዞር ወዲያው ትነሳለች። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ትስልና ጭጭ ትላለች። ትንሽ ካረፈች ደግሞ ትነሳለች። ደክሟት ነው መሰለኝ።»

«መኪና አይደክመውም አባባ።»

«እሱን መጥተህ ንገራት። ቅዳሜ እህትህን ከነሕፃኗ ከሆስፒታል አመጣለሁ ብያለሁ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ወፍጮ ቤቱን ማለፍ አለባት።»

እህቱ የወለደችው ከትልቁ አውራ ጎዳና ማዶ ባለው ከተማ ነው። ያ ጎዳና ከወፍጮ ቤቱ ጥቂት አለፍ ብሎ ይጀምራል፤ ተሳቢና አውቶብስ እንደ ጎርፍ የሚወርድበት መንገድ ነው። የአንድ ሳምንት ሕፃን የተጫነባት መኪና እዚያ መሃል ላይ ስትጠፋ ታየውና ሰውነቱን ሰቀጠጠው። የጓንት ካርቶንና የመሣሪያ ሳጥኑን አንስቶ ሄደ።

በሩን የከፈቱለት እናቱ ናቸው። ልጃቸው ሲመጣ ፊታቸው የሚበራው ሴትዮ ሳጥኑን ሲያዩ ኮስተር አሉ።

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ጠርተውኝ ነዋ እማዬ። መኪናዋን ልያት።»

«እሷን ተዋት። አርጅታለች። አንተስ ጣሏት ስትል አልነበር? ግባና ምሳህን በልተህ ሂድ።»

ነገሩ ገረመው፤ ግን አላሰበበትም። አባቱ ከግቢው መሃል «መጣህ?» ብለው እጃቸውን ዘርግተው ነበር። የዘረጉት ትንሽ ወደ ጎን ነበር፤ እሱም ጠጋ ብሎ ጨበጣቸው።

ፒክአፗ እንደ ወትሮዋ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ቆማለች። የግራ መከላከያዋ ተጨራምቷል፣ የጎን መስታወቷ በፕላስተር ተንጠልጥሏል።

«ኤዲያ! ይሄን ማን ገጨው?»

«ግንቡ ነው የመጣብኝ» አሉ አባቱ እየሳቁ።

ሁለት ጓንት ደርቦ ኮፈኑን ሲከፍት ሳቁ አልተጋባበትም። ከአዲሱ ባትሪ ጫፍ ላይ እንደ ሻጋታ ያለ አረንጓዴ ቅርፊት አብቧል። ኮይሉ በጫማ ክር ታስሯል። የቤንዚን ቱቦው በብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ተጠፍሯል። አንዱ ብልጥ የካርቡራተሩን ሥር በልብስ ሳሙና መርጎታል፤ ሳሙናው ቀልጦ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ንፍጥ መስሎ ወርዷል። የአየር ማጣሪያውን ሲያነሳ የደረቀች አይጥ ከነልጆቿ ጠበቀችው። ወደ ኋላ ዘሎ ከአጥሩ ሥር ተፋ። በዚያ ሁሉ ጉድፍ መሃል አዳዲስ ካንዴላዎችና አዲስ የነዳጅ ፓምፕ ያብለጨልጫሉ፤ በበሰበሰ ድድ ላይ የተተከለ የወርቅ ጥርስ ይመስላሉ።

«እነዚህ ሰዎች ሜካኒክ ናቸው ወይስ ልብስ አጣቢ?» አለ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! አንዱ ፓምፕ ነው ይላል፣ አንዱ ካንዴላ ነው ይላል፣ አንዱ ሳሙና ይዞ ይመጣል። አንድ እንኳ ቆም ብሎ የጠየቃት የለም።»

«እስቲ አንተ ጠይቃት» አሉ አባቱ፤ በርጩማ ስበው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው ተቀመጡ።

ጠየቃት። የካንዴላውን ገመድ ነቅሎ ሞተሪኖውን አስዞረ፤ እሳቱ ሰማያዊና ብርቱ ነው። የቤንዚን ቱቦውን ፈትቶ አየ፤ ፓምፑ ደህና አድርጎ ይገፋል። ሳሙናውን ፋቀ፣ ክሩን በጥሶ ኮይሉን በብሎን አሰረ፣ የባትሪውን ጫፍ በፈላ ውሃ አጠበ። ከዚያ አስነሳት። ተነሳች። እሱ እጁን ታጥቦ፣ እናቱ ያቀረቡለትን ሰሃን በሶፍት ወልውሎ ምሳውን በልቶ እስኪጨርስ ድረስ ግቢው ውስጥ ስትንደቀደቅ ቆየች። አልጠፋችም።

«ቆማ አትጠፋም ማለት ነው» አለ። «ስትሄድ ልያት።»

ቀና ሲል አባቱ መሪው ላይ ተቀምጠዋል። እናቱ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ሆነው ከንፈራቸውን ነክሰው ያያሉ።

ወንበሩ ዛሬም ያ ሽታ አለው። መስኮቱን አውርዶ ፊቱን ወደ ውጭ አደረገ። አባቱ የነዱት ሲነዱ በኖሩበት መንገድ ነው፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ክላክስ ይነፋሉ፤ ምንም በሌለበት ቦታ ቀዝቀዝ ያደርጋሉ፤ ምንም እንደሌለ ሁሉ ደግሞ ሰው መሃል ይገባሉ። የእጅ ጋሪ የሚገፋ ሰው ጋሪውን ጥሎ ወደ ቦዩ ዘለለና ከኋላቸው የእርግማን መዓት አወረደባቸው።

ኤዲያ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ዓይንህን የት ጥለኸው ነው የምትሄደው?» ብሎ ጮኸበት።

አባቱ መሪውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

ወፍጮ ቤቱ ሲደርሱ እንደተባለው ፒክአፗ ሳለች፤ አንዴ፣ ሁለቴ ተንፈራገጠችና ዝም አለች። የወፍጮው ጩኸትና የዱቄቱ ብናኝ በመስኮቱ ገባ። ኤዲያ እየተጸየፈ ከትከሻው ላይ ዱቄት ሲያራግፍ አባቱ ወርደው በመዳፋቸው የመኪናዋን ጎን እየዳበሱ ወደ ነዳጅ ታንኩ ሄዱ። የነዳጅ መለኪያዋ ከሞተ ዘመን ሆኖታል፤ ነዳጅ የሚያዩት በእንጨት ነው። ክዳኑን አዞሩት።

«ፉስስስ» አለ ታንኩ።

ኤዲያ እጁ ትከሻው ላይ እንዳለ ቀረ። ወደ ውጭ የሚተነፍስ ድምፅ ሳይሆን ወደ ውስጥ የሚስብ ነበር፤ ውሃ ውስጥ ቆይቶ እንደወጣ ሰው።

አባቱ እንጨቱን ነክረው አወጡና በጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሱት። «ነዳጅ ሞልቷል። አሁን ትነሳለች፤ አረፈች» አሉ።

«አላረፈችም አባባ! ተነፈሰች! እስቲ ያንን ክዳን!»

ነገሩ ያ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ምንም አልነበረም። ነዳጅ ከታንክ ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት። ቀዳዳዋ አንድ ብቻ የሆነ ጀሪካን ሲገለብጡት ቡልቅ ቡልቅ እያለ እንደሚቸገረው፣ ታንኩም አየር ካላገኘ ነዳጁን አፍኖ ይይዛል፤ ሞተሩ ይራብና ይጠፋል። አባቱ ነዳጅ ለማየት በከፈቱት ቁጥር ሳያውቁ ያስተነፍሷታል፤ እሷም ትነሳለች። ኤዲያ ክዳኑን ገልብጦ አየው። ቀይ ፌስታል ደጋግሞ ታጥፎ፣ በክር ዙሪያውን ታስሮ የክዳኑን ቀዳዳ ጥርቅም አድርጎ ደፍኖታል። ክሩን በጥሶ ፌስታሉን መዘዘው።

«ይሄ የየትኛው አህያ ሥራ ነው?»

«ምኑ?»

«ይሄ ነዋ!» ፌስታሉን ዘርግቶ አባቱ አፍንጫ ፊት አንጠለጠለው። ከሩቅ የሚጮህ፣ ደም የመሰለ ቀይ ነው።

አባቱ ወደ አገጩ አዩ። ቅንድባቸው ተሰበሰበ። «እ… ወረቀት ነው?» አሉ።

ኤዲያ ፌስታሉን ቀስ አድርጎ ወደ ግራ ወሰደው። የአባቱ ዓይኖች እዚያው አገጩ ላይ ቀሩ። ወደ ቀኝ መለሰው። አልተከተሉትም።

ወደ ጎን የተዘረጋው እጅ፣ የመጣባቸው ግንብ፣ በጣት የሚዳበሰው እንጨት፣ ባለጋሪው፣ ሁሉም ባንዴ መጡበት። በብርጭቆ ላይ ያለች የጣት አሻራ ከማዶ የሚያይ ሰው የአባቱን ዓይን ሳያይ ከርሟል። ዞር ብሎ አይቷት የማያውቃትን መኪናና ዞር ብሎ የማያያቸውን ሽማግሌ አሰበና በዚያች ቅጽበት ከአይጧም ከሳሙናውም በላይ የተጸየፈው ራሱን ነበር።

«አሁን እኔ ልንዳት» አለ ድምፁን አስተካክሎ። «ሞተሩን ላዳምጠው።»

አባቱ አልተከራከሩም። ያለ ፌስታል ወፍጮ ቤቱን አልፈው አውራ ጎዳናው አፍ ድረስ ደረሱ፤ ዞረው ተመለሱ። ፒክአፗ አንድም ጊዜ አልሳለችም።

«ድናለች» አለ።

«ጎሽ» አሉ አባቱ። ፊታቸው ወደ መስኮቱ ነበር። ያን ያህል የሚወዷት መኪናቸው ዳነች ሲባል የሚደሰት ሰው ድምፅ አልነበረም።

ግቢው ሲደርሱ እናቱ መጀመሪያ ያዩት መኪናዋን ሳይሆን በልጃቸው እጅ ያለውን ቀይ ነገር ነው። ክንዱን ይዘው ወጥ ቤት አስገቡትና በሩን ገፋ አደረጉት።

«አንቺ ነሽ?» አላቸው።

«ቀስ በል፣ ይሰማሉ» አሉ። «መጀመሪያ ለሽታው ብዬ ነበር። መስኮታችን ሥር ነው የምትቆመው፤ የቤንዚኑ ሽታ እንቅልፍ ነሳኝ። ፌስታል አጣጥፌ ክዳኑ ላይ አሰርኩባት። ከዚያ መጥፋት ጀመረች፤ በዚያ ምክንያት መሆኑን እኔ በምን አውቄ! አንድ ቀን ፌስታሉ ተቀደደ፤ አንስቼ ጣልኩትና ሌላ ሳላደርግ ቀረሁ። በማግስቱ ገበያ ይዘውኝ ሄዱ። ወፍጮ ቤቱን አለፈች፣ ምንም አላለች። እኔም ደስ ብሎኝ…»

ቆም አሉ። የቀሚሳቸውን ጫፍ ያፍተለትላሉ።

«የዳቦ ሻጯ ትንሽ ልጅ ዳቦ በትሪ ይዛ ትሻገር ነበር። አባትህ ፍሬን አልያዙም። አልደነገጡም፤ ያንጎራጉሩ ነበር እኮ! ልጅቷ ትሪውን ጥላ ዘለለች። በክንድ ያህል ነው የሳትናት። ዳቦው ላይ ወጣንበትና መኪናዋ ነጠር አለች። ‹ምን ነበር እሱ?› አሉኝ። ጉድጓድ ነው አልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ገባኝ። ያለ ፌስታሉ ነው የሄደችው። ቤት እንደገባሁ ቀዩን አሰርኩ።» እንባቸው መጣ። «ልጄ፣ መልሰህ አድርገው። አልቆላታል በላቸው። አንተን ያምናሉ። ሰው ‹ዓይንዎ ጠፍቷል፣ ቤት ይቀመጡ› ተብሎ እንዴት ይኖራል? መኪናዋ ሞተች ቢባሉ ይሻላቸዋል።»

ኤዲያ ወጣ። ፌስታሉን እንደያዘ ታንኩ ጋ ቆመ። ቀላል ነበር። አጣጥፎ ማስገባት፣ ክዳኑን ማዞር፣ እጅ ታጥቦ «በቃ ሞታለች» ማለት። አንዲት ትንሽ ውሸት፣ ሕፃንም ትድናለች፣ ሽማግሌም አይከፋም። እጁ ፌስታሉን ማጠፍ ጀምሮ ነበር።

አባቱ ከፊት ለፊት በጨርቅ መብራቷን ይወለውላሉ። የጸዳውን ቦታ ደግመው ደጋግመው ይፈትጉታል፤ ከጎኑ ያለው ጭቃ እንዳለ ነው። በዚህ ቤት መኪናዋ በስንት ሰው እጅ ተፈታች፣ ታሰረች፣ ተመረገች፤ የታመመው ሌላ፣ የሚታከመው ሌላ። እሱ ደግሞ አሁን የመጨረሻውን ሳሙና ሊመርግ ነው። ፌስታሉን ጨብጦ መሬት ላይ ጣለው።

«አባባ» አለ። «መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ታፍና ነበር፣ አሁን ጤነኛ ናት። የታመመው የእርስዎ ዓይን ነው። ቅዳሜ እኔ ነኝ የምነዳት።»

ከወጥ ቤቱ በር «ወይኔ ጉዴ!» የሚል ድምፅ መጣ።

የአባቱ እጅ ከነጨርቁ መብራቱ ላይ ቆመ። ኤዲያ ቁጣ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። ሰው በተሰበሰበበት ከተናገራቸው ቀን ጀምሮ የተጠራቀመ ቁጣ ይወርድብኛል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም። አባቱ ጨርቁን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አሉ ቀስ ብለው። «ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትጠፋልኝ አመሰግን ነበር። ዛሬም ጠፋች፣ ደስ አለኝ። አንተን የጠራሁህ ካንተ አፍ ‹አትድንም› ሲባል ሰምቼ ላርፍ ነው። አንተ ደግሞ አዳንካት።»

ከዚያ በሩ ጋ ወደ ቆሙት ሚስታቸው ዞሩ። ፊታቸው የዞረው ወደ በሩ ሳይሆን ከእሱ አጠገብ ወዳለው ግድግዳ ነበር።

«አንቺ» አሉ። «የገበያውን መንገድ እኔ ልጅ ሆኜ ነው የጀመርኩት። ያ ቦታ ጉድጓድ ኖሮበት አያውቅም።»

እናቱ ከደጃፉ አንድ እርምጃ ወረዱ።

«ምን ላይ ነው የወጣሁት? ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጠይቅሽ እፈራለሁ። ማን ላይ ነው የወጣሁት?»

«ዳቦ ነው!» እናቱ እየሮጡ መጥተው እጃቸውን ያዙ። «ልጅቷ ጥላው ሸሸች፤ ዳቦ ነው እንጂ ሰው አይደለም!»

«ማይልኝ።»

«እምልልዎታለሁ፤ ዳቦ ብቻ ነው።»

አባቱ በመከላከያው ላይ ተቀመጡ። «ዳቦ ብቻ» አሉ፤ ደግመው «ዳቦ ብቻ» አሉና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው እንደ ልጅ አለቀሱ። ልጃቸው ጓንቱን አውልቆ ከጎናቸው፣ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ።